ጣናን እንደ ቁና፦ ከተራራ የቀለጠው በረዶ ባሕሩ ላይ ምን ያህል ጨመረ?

(በባሕር ዳር ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በአገራችን አንድም የበረዶ ግግር የለም፤ ወደብም የለንም። እንዲህ ባለ ስፍራ ሰው ሰብስቦ ስለ በረዶና ስለ ባሕር ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። ድፍረቱን የሰጠኝ ጣና ነው። ዛሬ የምንነጋገርባቸው ቁጥሮች ብቻቸውን ሲነገሩ ለማንም አይጨበጡም፤ "273 ቢሊዮን ቶን" ቢባል ማን ምን ይታየዋል? እህል የሚሰፈረው በቁና ነው። ለውኃ የሚሆን ቁና ደግሞ እኛ እዚሁ ደጃችን አለን።

ቁናችንን አስቀድመን እንወቀው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አለፍ የሚል ስፋት አለው። ጥልቀቱ ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ በአማካይ 9 ሜትር ያህል፣ እጅግ ጠልቋል በሚባልበት ቦታም 14 ሜትር ገደማ ነው። አባዝተን ስናየው ከ28 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የማይርቅ ውኃ ይይዛል። አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ውኃ አንድ ቢሊዮን ቶን ስለሚመዝን፣ አንድ ጣና 28 ቢሊዮን ቶን ነው ማለት ነው። አሁን መስፈር እንችላለን።

ከ2000 እስከ 2023 ድረስ፣ የግሪንላንድንና የአንታርክቲካን ታላላቅ የበረዶ ንጣፎች ሳይጨምር፣ የዓለም የበረዶ ግግሮች በየዓመቱ በአማካይ 273 ቢሊዮን ቶን አጥተዋል። የአላስካውን፣ የአንዲሱን፣ የአልፕሱን፣ የሂማላያውን፣ የአይስላንዱን፣ የሰሜን ካናዳ ደሴቶችን ሁሉ ደምሩት። በየዓመቱ ወደ አሥር ጣና ማለት ነው። ሐይቃችንን ዙሪያውን በግንብ አጥረን የአንዱን ዓመት ብቻ ብናፈስበት 90 ሜትር ያህል ከፍ ይል ነበር። ባሕሩ ግን በዚህ አይደነግጥም። የዓለም ውቅያኖሶች ስፋት 361 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጠለሉን በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ለማድረግ 361 ቢሊዮን ቶን፣ ማለትም 13 ጣና ያስፈልጋል። ስለዚህ ያ ሁሉ በረዶ በዓመት የሚጨምረው የአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት አራተኛ ነው። ከዓመት ዓመት ተደማምሮ እስከ 2023 ድረስ 18 ሚሊ ሜትር ሆኗል።

ሦስት አራተኛ ሚሊ ሜትር! ማዕበሉ በሜትር በሚቆጠር፣ ጠዋት ሞልቶ ከሰዓት በኋላ በሚጎድል ባሕር ላይ ይህን ያህል ነገር ለካሁ የሚል ሰው ሲመጣ መጠራጠር ተገቢ ነው። የእኔም ሙያ የተጠራጣሪ ሙያ ነው፤ ቀያሽ ነኝ። ቀያሽ ከፍታ ሲለካ ከአንድ ምልክት ተነስቶ ሌላው ዘንድ ደርሶ በዚያው አይቀርም። በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ ተነሳበት ይመለሳል፤ የሄደበትና የተመለሰበት ካልገጠመ ሥራው ሥራ አይባልም። ዛሬም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። በረዶውን ተራራው ላይ የለኩት ሰዎችና ውኃውን ባሕሩ ላይ የለኩት ሰዎች ሒሳባቸው ይገጥማል ወይ?

ወደ ልኬቱ ሳንገባ አንድ ነገር እናጥራ። የቀለጠ በረዶ ሁሉ ባሕር አይጨምርም። ብርጭቆ ውስጥ የተንሳፈፈ በረዶ ሲቀልጥ ውኃው ከፍ እንደማይል የሚያሳየውን የትምህርት ቤት ሙከራ ታውቁታላችሁ። ሙከራው ትክክል ነው፤ የሚያናድደኝ ከእሱ የሚወሰደው ድምዳሜ ነው። አንዳንዱ ይህን አይቶ "እንግዲያው የባሕር ጠለል ከፍ አለ የሚባለው ውሸት ነው" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተንሳፋፊ በረዶ ገና ሳይቀልጥ የክብደቱን ያህል ውኃ ገፍቶ ቦታውን ይዟል፤ ቢቀልጥ ያንኑ ቦታ ይሞላል። የተራራ በረዶ ግን የተቀመጠው የብስ ላይ ነው። ባሕሩ ቀድሞ ያልነበረውን ውኃ ነው የሚቀበለው።

በእነዚህ ግግሮች ውስጥም ቢሆን የማይቆጠር አለ። አንዳንዱ ግግር እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ፣ ከባሕር ጠለል በታች ባለ መሬት ላይ ተኝቷል። ከዓለም የግግር በረዶ 15 በመቶ ያህሉ እንዲህ ከጠለል በታች ያለ ነው፤ እሱ ሲሄድ የለቀቀውን ጉድጓድ ባሕሩ መልሶ ስለሚሞላው ጠለሉን ከፍ አያደርግም። ከቀረውም ላይ ባሕር ሳይደርስ የሚቀር አለ። በመካከለኛው እስያ ካሉት የቲየን ሻን ተራሮች ወደ ታሪም በረሃ የሚወርደው ውኃ የእኛ አዋሽ ዕጣ ነው ያለው፤ ባሕር ሳያይ ያልቃል። ከፊሉም ሐይቅ ወይም የከርሰ ምድር ውኃ ሆኖ እዚያው ሊከርም ይችላል። ስለዚህ "ይህን ያህል በረዶ ቀለጠ" እና "ባሕሩ ይህን ያህል ጨመረ" የሚሉት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ጋዜጦች አንድ አድርገው ሲጽፉ አያለሁ።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። የጥንቱ መንገድ ዘንግ መትከል ነው። በረዶው ተሰርስሮ ረጅም ዘንግ ይቆምበታል፤ በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ባለሙያው ተመልሶ ምን ያህሉ ዘንግ ራቁቱን እንደ ቀረ ያነባል። ከፍ ባለው የግግሩ ክፍል፣ በረዶ በሚጠራቀምበት ቦታ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ የዓመቱ ክምር ውፍረቱም እፍግታውም (አንድ ሜትር ኪዩቡ ስንት እንደሚመዝን) ይለካል። የገባው ከወጣው ይቀነሳል። በሰሜን ስዊድን የሚገኘው ስቶርግላሲየሬን የተባለ ግግር ከ1945 ጀምሮ ሳይቋረጥ እንዲህ ሲለካ ቆይቷል። እኔ ለዚህ መንገድ አደላለሁ፤ ሰው በእግሩ ሄዶ በእጁ የነካው ልኬት ነውና። ጉድለቱም ግልጽ ነው። በዓለም ከ200,000 በላይ ግግሮች አሉ፤ በዘንግ የተለኩት፣ ለአንድ ዓመት ብቻ የተሞከረባቸውም ተቆጥረው፣ 500 ገደማ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በዕጣ የተመረጡ አይደሉም። መኪና የሚደርስባቸው፣ ስንጥቃቸው ሰው የማይውጥ፣ መጠናቸውም አነስ ያለ ስለሆነ የተመረጡ ናቸው። ትልልቆቹና አደገኞቹ፣ ባሕሩን በእርግጥ የሚጨምሩት፣ ዘንግ አላዩም።

ስለዚህ ወደ ሰማይ መውጣት ግድ ሆነ። በ1999 ቴራ የተባለች ሳተላይት ስትመጥቅ አስተር የሚባል ጃፓን ሠራሽ ካሜራ ይዛ ነበር። ካሜራው አንዱን ቦታ በቀጥታ ከላይም፣ ካለፈው በኋላ ወደ ኋላ ዞሮም ያነሳዋል። ከሁለት ማዕዘን በተነሳ ሥዕል የመሬቱን ቁመት ማውጣት ይቻላል፤ የአየር ፎቶግራፍ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። የዚህን ካሜራ የሃያ ዓመት ሥዕሎች በኮምፒውተር አሰልፈው፣ በ2021 ተመራማሪዎች የምድርን ግግሮች ከሞላ ጎደል በሙሉ ለኩ። ከ2000 እስከ 2019 በዓመት 267 ቢሊዮን ቶን ሆኖ ወጣላቸው። የእያንዳንዱ ሥዕል ስህተት በሜትሮች ይቆጠራል፤ ግግሮቹ የሚቀንሱት ደግሞ በአማካይ በዓመት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ሥራውን የሚያስኬደው ብዛት ነው። በአንድ ቦታ ላይ በርካታ ሥዕል ሲደራረብ፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ እያለ የሳተው እርስ በርሱ ይጣፋል።

ከ2018 ወዲህ የመጣችው አይስሳት-2 ደግሞ ካሜራ ሳይሆን ሌዘር ነው የያዘችው። በሴኮንድ 10,000 ጊዜ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ምድር ትልካለች። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚላኩት የብርሃን ቅንጣቶች በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ተመልሰው ወደ ሳተላይቷ የሚደርሱት አሥራ ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። እነዚያ ጥቂት ቅንጣቶች ሄደው ለመመለስ ከፈጀባቸው ጊዜ ቁመቱ ይሰላል።

ነገር ግን ቁመት ክብደት አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ቦታ ነውና። ግግሩ አንድ ሜትር ዝቅ አለ እንበል። የሄደው ምንድን ነው? ደረቅ ያለ አሮጌ በረዶ ከሆነ አንድ ሜትር ኪዩቡ 900 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ገና ያልጠነከረ የጥቂት ዓመታት ክምር ከሆነ 500 ወይም 600 ሊሆን ይችላል። ትናንት የወረደ አመዳይ ከሆነ ደግሞ 100 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከዚህም የባሰ አለ፤ ክምሩ በራሱ ክብደት ተጫጭኖ ሲጠቀጠቅ አንድ ግራም ሳይጠፋ ቁመቱ ይቀንሳል። ሳተላይቱ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው "ዝቅ ብሏል" የሚለውን ነው።

ባለሙያዎቹ የተስማሙበት መላ አንድ አማካይ ቁጥር መውሰድ ነው፦ ለእያንዳንዱ የጠፋ ሜትር ኪዩብ 850 ኪሎ ግራም፣ በ60 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል። ለረጅም ዘመን ልኬት ጥሩ ግምት ነው፤ ለአንድና ለሁለት ዓመት ግን አላምነውም። 60 ከ850 ሲታይ 7 በመቶ ነው። በእኛ ቁና ሲሰፈር፣ በየዓመቱ ከሚጠፋው አሥር ጣና ላይ ከግማሽ ጣና የሚበልጠው በዚህ በአንድ ቁጥር ምክንያት ያጠራጥራል ማለት ነው። በራዳር የሚለኩት ሳተላይቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ደረቅ በረዶ ላይ የራዳር ሞገድ ከላይኛው ገጽ አይመለስም፤ ሜትሮች ዘልቆ ይገባል። የአንዱን ዓመት በራዳር፣ የሌላውን በካሜራ ለክቶ ማወዳደር የሌለ ለውጥ ይፈጥራል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ነው፤ ምንም ነገር አያይምና። በመጋቢት 2002 ግሬስ የሚል ስም የተሰጣቸው ሁለት ሳተላይቶች አንዱ ሌላውን እየተከተለ እንዲዞሩ ተላኩ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና ከሚኬደው የሚበልጥ። ወደ ምድር የሚመለከት መሣሪያ የላቸውም፤ እርስ በርሳቸው ብቻ ይተያያሉ። ፊተኛው ከባድ ነገር ወዳለበት አካባቢ ሲቃረብ የዚያ ነገር ስበት ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ ርቀታቸው ይሰፋል። ፊተኛው አልፎ ኋለኛው ሲደርስ መልሶ ይጠብባል። ይህን መስፋትና መጥበብ የሚለኩት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ በሚሆን ጥራት ነው። በየወሩ ዓለምን ሸፍነው ሲጨርሱ፣ የት ቦታ ክብደት ጨመረ፣ የት ቀነሰ የሚለው ካርታ ይወጣል። አላስካ ከዓመት ዓመት ስትቀል ይታያል። እፍግታ መገመት የለ፣ ዘንግ መትከል የለ፤ በቀጥታ ሚዛን ነው።

ሚዛኑ ግን የተመዘነው ምን እንደሆነ አይነግርም። ከሂማላያ ግርጌ በሰሜን ህንድ ገበሬዎች ለመስኖ እጅግ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃ ይስባሉ። ግሬስ አጥርቶ መለየት የሚችለው 300 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለውን ነገር ስለሆነ፣ ከተራራው የቀለጠውና ከጉድጓድ የተሳበው በካርታው ላይ ይቀላቀሉበታል። ሰሜን ካናዳ ላይ ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ከሺዎች ዓመታት በፊት ተጭኗት የነበረው ወፍራም በረዶ ስለ ተነሣላት ምድሪቱ እስከ ዛሬ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትነሣለች። የምድር ውስጥ ቁስ ወደዚያ ስለሚፈስ ሚዛኑ ክብደት ጨመረ ይላል። ያ በሞዴል ተሰልቶ መቀነስ አለበት፤ ሞዴሉ ከተሳሳተ በረዶውም ይሳሳታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳተላይቶች በ2017 አገልግሎታቸው አበቃ፤ ተተኪዎቹ የመጠቁት በግንቦት 2018 ነው። በመካከሉ የነበሩት ወራት ያለ ሚዛን አለፉ።

እንግዲህ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ነውር አለው። ደግነቱ ነውራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ዘንጉ የሚሳሳተው በምርጫ፣ ካሜራው በእፍግታ፣ ራዳሩ በጥልቀት፣ ሚዛኑ በመቀላቀል ነው። በየካቲት 2025 የወጣው ታላቅ ንጽጽር 35 የምርምር ቡድኖች ያቀረቡትን 233 ግምት በአንድ መዝገብ አሰባሰበ። መጀመሪያ የጠቀስኩት 273 ከዚያ የመጣ ነው፤ በ16 ቢሊዮን ቶን ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ከአጠቃላዩ ይልቅ የእኔን ቀልብ የሳበው ሂደቱ ነው። ከ2000 እስከ 2011 በዓመት 231 ቢሊዮን ቶን የነበረው፣ ከ2012 እስከ 2023 ወደ 314 አድጓል። ጉዳቱም ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ በአንታርክቲካ ዙሪያ ያሉ ደሴቶች ከበረዷቸው 2 በመቶ ገደማ ሲያጡ፣ አልፕስን የያዘው የመካከለኛው አውሮፓ 39 በመቶ አጥቷል። አልፕስ ግን ትንሽ በረዶ ስለሆነ ባሕሩ ላይ የሚጨምረው እምብዛም ነው። ብዙ የሚጮህለትና ብዙ የሚያፈሰው አንድ አይደለም።

አሁን ዞረን በባሕሩ በኩል እንመለስ።

እዚህ ባሕር ዳር የሐይቁ ከፍታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመዘገብ ኖሯል። መዝገቡ በ2003 ሐይቁ ክፉኛ መጉደሉን ያሳያል፤ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ተቸግረው፣ የዳርቻው ደንገል ደርቆ ነበር። መለኪያው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ጎደለ ይናገራል። ማን እንደ ወሰደው ግን አይናገርም። ዝናብ አንሶ ነበር፤ በ1996 ከተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በኩል ደግሞ ለኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ ውኃ ተለቅቆ ነበር። ጥፋቱን ለሰማይ ወይም ለመዝጊያው ለመስጠት የዝናቡን፣ የትነቱን፣ የግልገል ዓባይን፣ የጉማራን፣ የርብንና የመገጭን፣ እንዲሁም በጨረጨራ የወጣውን ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። ባሕሩም ላይ ያለው ጥያቄ ከዚህ አይለይም።

የባሕሩን ጠቅላላ ከፍታ በወደቦች ላይ የተተከሉ መለኪያዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲነግሩን ቆይተዋል። ወደቡ የቆመበት መሬት ራሱ ሲሰምጥና ሲነሣ ግን መለኪያውም አብሮ ይሄዳል። ከ1992 ጀምሮ በ1,336 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩ ራዳር የያዙ ሳተላይቶች በየአሥር ቀኑ ውቅያኖሱን ያዳርሱታል፤ የመጀመሪያው ቶፔክስ ፖሰይዶን ነበር፤ ከዚያ ጄሰኖቹ፣ አሁን ሴንቲኔል-6። ከ1993 ወዲህ ጠለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ይህ ጠቅላላው ነው፤ የበረዶው ድርሻ ከዚህ ውስጥ ተለይቶ መውጣት አለበት። ውኃ ሲሞቅ ይስፋፋልና፣ ከየትም አንዲት ጠብታ ሳይጨመር ባሕሩ ከፍ ይላል። ይህን የሚለኩት አርጎ የሚባሉት 4,000 ያህል ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ናቸው። እስከ 2,000 ሜትር ሰምጠው፣ በየአሥር ቀኑ ብቅ እያሉ የውኃውን ሙቀትና ጨዋማነት በሳተላይት ያስተላልፋሉ።

ሒሳቡ እነሆ። ከ2006 እስከ 2018 ባሕሩ በዓመት 3.69 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ተለካ። በሌላ በኩል ሰበቦቹ ለየብቻቸው ተለኩ፦ በሙቀት መስፋፋት 1.39፣ የበረዶ ግግሮች 0.62፣ ግሪንላንድ 0.63፣ አንታርክቲካ 0.37፣ ከየብስ ወደ ባሕር የሄደ ሌላ ውኃ 0.60። ደምሩት፤ 3.61 ይሆናል። የሚጎድለው 0.08 ነው፤ በልኬቶቹ ውስጥ ካለው ጥርጣሬ በእጅጉ ያንሳል። እንደ ቀያሽ ይህን ሥራ ፈርሜ እቀበለዋለሁ።

ስፈርም ግን አንድ ማስታወሻ ከጎኑ እጽፋለሁ። ግሬስ በረዶውንም ይመዝናል፤ ባሕሩንም ይመዝናል። በዚያ በአንዱ ሚዛን ሁለቱም ወገን ተመዝኖ "ገጠመ" ቢባል፣ ምስክሩ አንድ ሰው ሆኖ ሁለት ጊዜ እንደ መማል ነው። ይበልጥ የሚያሳምነኝ በዘንግ፣ በካሜራና በሌዘር የተገኘው የበረዶ ሒሳብ፣ ከራዳሩና ከአርጎ ከተገኘው የባሕር ሒሳብ ጋር ሲገጥም ነው። እነዚህ የሚጋሩት ነገር እጅግ ትንሽ ነውና።

ከየብስ የሄደው 0.60 ነገር አገራችንን ይነካል። ሰው ከጉድጓድ ስቦ ማሳ ላይ የሚያፈሰው ውኃ መጨረሻው በአብዛኛው ባሕር ነው፤ ይጨምራል። ግድብ ደግሞ ይቀንሳል። ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ ሁለት ጣና ተኩል አለፍ ይላል። ለ361 አካፍሉት፤ የዓለምን ባሕር በ0.2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። ሲሞላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነው፤ ቢሆንም የበረዶ ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች ካልቀነሱት ውጤታቸውን ያበላሻል። ይህን ስሰማ በሆዴ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል፤ ኩራቱ ለሳይንስ አይጠቅምም እንጂ።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። እስካሁን ባሕሩ በሁሉም ቦታ እኩል ከፍ እንደሚል አድርጌ ነው ያወራሁት። አይደለም። ትልቅ በረዶ በስበቱ የአካባቢውን ባሕር ወደ ራሱ ይስባል፤ በረዶው ሲያልቅ ያ ውኃ ይለቀቅና ወደ ሩቅ ይሄዳል። የተጫነው መሬትም ሸክሙ ሲቀልለት ይነሣል። በአላስካ ጁኖ የምትባለው ከተማ ግግሮች እየቀለጡ ባሉበት አካባቢ ተቀምጣ፣ ባሕሩ ከዳርቻዋ በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ እያለባት ነው። የእሷ ድርሻ ለሌላው ደርሷል። ወደ ምድር ወገብ የሚቀርቡ ዳርቻዎች፣ ዕቃችን የሚገባባት ጅቡቲ ያለችበትን ጨምሮ፣ ከዋልታ አካባቢ ከሚቀልጠው በረዶ ከአማካዩ ትንሽ ከፍ ያለ ድርሻ ይደርሳቸዋል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን እዚህ አስገብቻለሁ።

አንድ ተማሪ ስለ ሰሜን ተራሮች ጠየቀ። አዎን፣ በበረዶ ዘመን በራስ ዳሽን አካባቢና በባሌ ሳነቴ ላይ ግግር ነበር፤ ገፍቶ የቆለለው ድንጋይ ዛሬም ይታያል። አሁን በአፍሪካ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም ተደምሮ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዩኔስኮ በ2022 እነዚህ እስከ 2050 ይጠፋሉ ተብሎ እንደሚጠበቅ አስታውቋል። ለባሕሩ የሚጨምሩት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት "አይጠቅሙም" ያለ ሰው ካለ አልስማማም፤ በዚህ መዝገብ ላይ ግን አይታዩም።

አንዲት መምህርት "ሁሉም ቢቀልጥስ?" አሉ። የግግሮቹ ሁሉ በረዶ 158,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ውኃ ሲሆን 5,000 ጣና ገደማ። ከጠለል በታች ያለው ተቀንሶ ባሕሩን በ32 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ የለውም። ግሪንላንድ ብቻዋን ከ7 ሜትር በላይ፣ አንታርክቲካ ደግሞ 58 ሜትር ያህል ይዘዋል። የተራራ ግግሮች ትንንሽ ቢሆኑም ቶሎ ስለሚቀልጡ ነው በዚህ ምዕተ ዓመት ሒሳብ ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዙት። የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ቢገታ ከ2015 እስከ 2100 ከበረዷቸው ሩብ ያህሉን ያጣሉ፤ 90 ሚሊ ሜትር ይጨምራሉ። 4 ዲግሪ ከደረሰ 41 በመቶና 154 ሚሊ ሜትር ይሆናል ተብሎ ተሰልቷል።

የመጨረሻው ጥያቄ "ጣናስ ከሰማይ ይለካል ወይ?" የሚል ነበር። ይለካል። ለውቅያኖስ የተላኩት የራዳር ሳተላይቶች ሐይቃችን ላይ ሲያልፉ ከፍታውን ይመዘግባሉ፤ መረጃውም በነጻ ይገኛል። ለግሬስ ግን ጣና ጠባብ ነው፤ ለይቶ አይመዝነውም። ሐይቁ በሰኔ ዝቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ክረምት 4.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የቸገራችሁ ተማሪዎች የሳተላይቱን የከፍታ መዝገብ አውርዳችሁ ከዳርቻው መለኪያ ንባብ ጋር ቀን በቀን አስተያዩት። ነፋሻ ቀናትን ለይታችሁ አውጡ፤ ነፋስ ውኃውን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋልና። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልዩነት ከወር ወር የማይለዋወጥ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ሳተላይቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት የመለኪያው ዜሮ ከየትኛው የቅየሳ ምልክት እንደ ተነሣ ጠይቁ።